ጥቁሩን ሽቦ የሚጠይቀው ጋሽ አንጁሎ

የሚኒባስ ሹፌሩ ማቴዎስ ሲደውልልኝ የሱቄን ደጅ እየጠረግኩ ነበር። ሰላምታም አላስቀደመ። «ጋሼ፣ ጋሽ አንጁሎ አርፏል። እማማ አስካለ ሁላችንም በሚኒባሱ ለቅሶ እንሂድ ብለዋል፤ መጥቼ ልውሰድህ» አለኝ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ከሱቄ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል አየኋት። ዛሬ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥባታል። ለስንት ዓመት ግን ከዚያች በር ላይ የመኪና ቴፕ ሲያንባርቅ፣ ከቴፑም በላይ የጋሽ አንጁሎ ድምፅ ሲያንባርቅ ሰምቼ ኖሬያለሁ።

አዘንኩ፤ መቼም ሰው ነኝ። ነገር ግን ጋሽ አንጁሎን እያሰበ ፊቱን አጨፍግጎ መቆየት የሚችል ሰው ሶዶ ውስጥ ካለ እኔ አላውቀውም። ዕድሜ ጠግቦ፣ ልጆቹን ድሮ፣ የልጅ ልጅ ስሞ፣ በተወለደበት በኦፋ በገዛ እንሰቱ መሀል ነው ያረፈው። ይኸው ስለሱ ልጽፍ ብዬ ስቀመጥም ከእንባው ቀድሞ ሳቁ መጣብኝ።

እኔ የመኪና ቴፕ፣ ስፒከርና ማጉያ እሸጣለሁ። እሱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ በተለይ የቴፕ ነገር እጁ ላይ ነው። የቴፕ ሻጭና የቴፕ ሐኪም ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ለሌላው ገበያ ይጠራል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ጋሽ አንጁሎ ግን የኔን ገበያ ያባረረውን ያህል የሶዶ ዝናብም አላባረረው። አንድ ሹፌር «ቴፔ ሞተ፣ አዲስ ስጠኝ» ብሎ ይገባል። ካርቶኑን ከመደርደሪያ ላወርድ ስንጠራራ ያ የተበጠረ ራስ በበሩ ብቅ ይላል። «ኢሻ፣ የድሮዋን ሳላያት አትቅበራት። እስቲ መኪናዋን አስጠጋት» ይለዋል። ኢሻ በወላይትኛ ወንድሜ እንደማለት ነው፤ ጋሽ አንጁሎ ይህችን ቃል አብዝቶ የሚወዳት ገበያዬን ሊወስድብኝ ሲል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ያ ሹፌር የድሮ ቴፑን እያስጮኸ፣ ለኔ እጁን እያውለበለበ ይሄዳል።

«ምን በደልኩህ ጋሽ አንጁሎ?» እለዋለሁ።

«ምንም። አንተ ያልሞተ ስትቀብር እኔ ቆሜ ላልቅስልህ?»

የሱ እምነት ሁሉ አንድ ጥቁር ሽቦ ላይ ነበር። ለማያውቅ ላስረዳ። ለቴፑ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በቀዩ ሽቦ ይገባና በጥቁሩ ይመለሳል። ጥቁሩ ሽቦ ግን እስከ ባትሪው ድረስ አይዘረጋም፤ እዚያው አቅራቢያ ካለ የመኪናው ብረት ጋር በቡሎን ይታሰራል፣ የቀረውን መንገድ ብረቱ ይጨርስለታል። ይህን እስር ባለሙያዎቹ ማሳ ይሉታል። ከዚያ ቡሎን ሥር ዝገት ከገባ ቴፑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ያብዳል። ሞተሩ ሲነሳ አብሮ ያፏጫል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ፉጨቱም ይወጣል፣ ከበሮ ሲመታ ድምፁ ይቆረጣል። ሰው የሚጠረጥረው ታዲያ ቴፑን ነው። «ሁሉ ሰው እንዴት እንደገባች ይጠይቃል» ይል ነበር ጋሽ አንጁሎ። «እንዴት እንደምትመለስ የሚጠይቅ የለም። ጥቁሩን ጠይቁ!»

መልኩንም ልንገራችሁ። ጋራዥ ውስጥ ኮት ለብሶ የሚሠራ ሰው ከሱ በቀር አላየሁም። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ከኮቱ የደረት ኪስ ነጭ መሐረብ ብቅ ብሏል። ግራሶና ጥላሸት መሀል ውሎ ሲወጣ ከባንክ የወጣ ይመስላል። ያ መሐረብ ለላብም ለአፍንጫም ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ላሜራ እጄን ቆርጦኝ ደሜ ሲፈስ እንኳ «ጨርቅ ፈልግ፤ ይቺ ለወግ ናት» ብሎኛል። አንቱ የሚለውንም ሰው አይወድም። «አንቱ ለሽማግሌ ነው» ይላል፣ ፀጉሩ ጥጥ መስሎ። ዛሬም «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ አንቱ ብዬ ብጠራው መቃብሩን ፈንቅሎ የሚነሳብኝ ይመስለኛል። በአማርኛው ደግሞ ለወንድና ለሴት ብዙ አይጨነቅም፤ ቴፑም ባትሪውም ቡሎኑም «እሷ» ናቸው። ስናርመው «ዋናው መሥራቷ ነው» ይለናል።

አመራመሩም የራሱ ነበር። ሌሎቹ መኪናውን አጥፍተው ሽቦ ይነካካሉ። እሱ የሚጀምረው ሞተሩን አስነስቶ፣ የፊት መብራቱን አብርቶ፣ ቴፑን እስከ መጨረሻው አስጩሆ ነው። «በሽተኛ ተኝቶ ደህና ይመስላል፤ ዳገት አስወጡት፣ ሳሉን ትሰማላችሁ» ይላል። ከዚያ ኤሌክትሪክ የሚለካበትን የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የቴፑ ጥቁር ሽቦ ላይ ያስነካል። ማሳው ጤነኛ ከሆነ ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ ይተኛል። ቁጥሩ ከተነሳ ጋሽ አንጁሎም አብሮ ይነሳል። ቡሎኑን ሳይፈታ ደግሞ ፍርድ አይሰጥም። የቡሎኑ ራስ ሲያብረቀርቅ አይቶ ለማለፍ የሚፈልገውን «ላዩንማ ሁሉም ታጥቦ ነው የሚመጣው» ይለዋል።

የሰፈሩ ቲያትር የሚጀምረው ታዲያ ቡሎኑ ሲፈታ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ያሸተዋል! ዝገቱን በጥፍሩ ፍቆ አፍንጫው ሥር ያደርግና ፍርዱን በአደባባይ ያነባል። አንድ የሁምቦ መስመር ሹፌር ትዝ ይለኛል፤ «ከሰው በቀር ጭኜ አላውቅም» እያለ ይምላል። ጋሽ አንጁሎ ቡሎኑን አሽትቶ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረና «እንግዲያው የሁምቦ ሰው ቀንድ አውጥቷል። ፍየል ናት! ወለሉ ላይ ሸንታለች!» አለ። ከፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት በሙሉ ወጥቶ ሳቀ። ያ ሹፌር ከዚያ ወዲያ «ፍየሌ» ሆኖ ቀረ። ጋሽ አንጁሎ ማንንም አይምርም ነበር፤ የወይዘሮ አስካለ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣውም ስለዚሁ ነው።

ወይዘሮ አስካለ አያቶቻቸው ከሰሜን መጥተው የሰፈሩ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ሶዶ ተወልደው ወላይትኛን እንደ ውሃ የሚጠጡት ነጋዴ ናቸው። በገበያ ቀን በራሳቸው ሚኒባስ ገሱባ ይሄዱና ቅቤና ቆጮ ሸምተው ሶዶ ያመጣሉ። ዕቃቸውን ጣራ ላይ አያስጭኑም። «ዓይኔ ያላየው ዕቃ የኔ አይደለም» ይላሉ። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀምጠው፣ በኮባ የተጠቀለለውን ቆጮ እግራቸው ሥር አድርገው፣ መንገዱ እያንገጫገጫቸው መዝሙራቸውን እየሰሙ ይመጣሉ። ቴፑን ከነማጉያው የገዙት ከኔ ነው፤ ከመኪናው አስበልጠው ይወዱታል። ሹፌራቸው ያኔም ማቴዎስ ነበር። ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ የኦፋ ልጅ ነው፤ እናቱንና እህቶቹን በዚያች መሪ ያስተዳድራል።

አንድ ቀን ፀሐዩ ከርሮ፣ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ከጠፋ ሰንብቶ፣ ወይዘሮ አስካለ ፊታቸው ተለዋውጦ ሱቄ ገቡ። ማቴዎስ አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው ነው።

«ይሄ ልጅ ኦሪጅናሉን ቴፕ ሸጦ ፎርጅዱን ገጠመብኝ» አሉ። «ከሰሞኑ ያፏጫል፣ ይቆራረጣል። ሻጩ አንተ ነህ፤ ናና እየው። የሸጥክልኝ ይሄን ነው?»

ደጄ ላይ ወደቆመው ሚኒባስ ገብቼ ቴፑን አየሁት። ጽሑፉ በጣት ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል። የኔ ይመስላል፤ ግን እንደዚያ ያለ ቴፕ ያኔ በየመኪናው ነበር። ነው ብዬ መማል አልቻልኩም፣ አይደለም ማለትም አልቻልኩም። ማቴዎስ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ቆየና ወደሳቸው ዞረ። «እማማ፣ በእናቴ ይሁንብኝ፣ አልነካሁም» አለ።

«ቁልፉን አምጣ» አሉት።

ቁልፉን ሰጣቸው። ሶዶ ትልቅ ከተማ ናት ይባላል እንጂ ለሹፌር ስም ትንሽ ናት። ሌባ የተባለ ሹፌር መናኸሪያ ውስጥ ሌላ ቁልፍ የሚያስጨብጠው አያገኝም። ደጁ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ሽማግሌ ይቀመጥ» ይላል፣ ሌላው «ለፖሊስ ይነገር» ይላል። የዚያን ልጅ ፊት ማየት ከበደኝ።

ያ የተበጠረ ራስ በበሩ ብቅ አለ። «ሽማግሌም ፖሊስም ትቆይ» አለ ጋሽ አንጁሎ። «መጀመሪያ ጥቁሩ ይጠየቅ። እትዬ አስካለ፣ ከቦታዎ ይቀመጡ። ዳኛዋ የርስዎ ጆሮ ናት።»

ቁልፉን ከሳቸው ወስዶ ሞተሩን አስነሳ፣ መብራቱን አበራ፣ መዝሙሩን ከፈተ። መዝሙሩ ከሥሩ የወባ ትንኝ የምትጮህበት እየመሰለ ወጣ። ማቴዎስን ነዳጅ አስረገጠው፤ ፉጨቱ አብሮ ወጣ። ቴስተሩን አስነካ፤ ቁጥሩ ተነሳ። ከዚያ ረጅም ሽቦ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ከቴፑ ጥቁር ሽቦ፣ ሌላውን በቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኘ። ፉጨቱ ጠፋ። መዝሙሩ ጥርት ብሎ ሲወጣ ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽቦውን አነሳ፤ ፉጨቱ ተመለሰ። መልሶ አገናኘ፤ ጠፋ።

«ፎርጅድ ብትሆን በአንድ ሽቦ ኦሪጅናል አትሆንም» አለ ጋሽ አንጁሎ፣ ለሳቸውም ለተሰበሰበውም ሰው እንዲሰማ አድርጎ። «ይቺ የራስዎ ቴፕ ናት። መመለሻዋ ጠፍቷት ነው። ልጁ አልነካትም።»

ሰዉ አጉረመረመ። የሚቀጥለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቡሎኑ ይፈታል፣ ይሸተታል፣ ፍርዱ ይነበባል። የሻይ ቤቱ ሰው ብርጭቆውን ይዞ ወጣ።

ሶዶ ውስጥ ቴፕ ከነማጉያው ሲገጠም ጥቁሮቹን ሽቦዎች ከወንበር ቡሎን ጋር ማሰር የቆየ ልማድ ነው። ቅርብ ነው፣ መብሳትም አያስፈልገውም። የወይዘሮ አስካለ ማሳ የታሰረው ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር፣ ማለትም ከራሳቸው እግር ሥር ነበር። ጋሽ አንጁሎ በአክብሮት አስወረዳቸውና ኮቱን ሳያወልቅ ተንበርክኮ ቡሎኑን ፈታው። በትከሻው በኩል የምናየው እኔና ማቴዎስ ብቻ ነበርን። የቡሎኑ ራስ ደህና ነው። ሥሩ ግን ሌላ ነው፤ የሽቦው መዳብ አረንጓዴ አውጥቷል፣ ላሜራው ተበልቷል፣ ሁሉም እርጥብ ነው። ሽታው ደግሞ ማንንም የማያሳስት የቆጮ ኮምጣጣ ሽታ ነው። በየገበያው ቀን ከኮባው እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ የሚወርደው ውሃ ነው የበላው። ወይዘሮ አስካለ ቴፓቸውን ያሳበዱት ራሳቸው ኖረዋል።

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ጋሽ አንጁሎ ቡሎኑን ወደ አፍንጫው አላስጠጋም። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ያን ነጭ መሐረብ አወጣ፤ ቡሎኑን ከነአረንጓዴው ጠቅልሎ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ምን አገኘህ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ ጠጋ ብለው።

«ዝገት ናት እትዬ። የሶዶ ዝናብ! በበር ትገባለች፣ ወለል ላይ ትተኛለች።»

ቀና ብዬ ዳሞታን አየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ከወለሉ ከፍ ያለ ሌላ ቦታ መረጠ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አጸዳ፣ ጥቁሮቹን ሽቦዎች አጥብቆ አሰረ፣ ግራሶ ቀባቸው። መዝሙሩ እንደገና ሲከፈት ፉጨት የሚባል አልነበረውም። ወይዘሮ አስካለ ቁልፉን ከጋሽ አንጁሎ ተቀብለው ለማቴዎስ ሰጡትና «እንሂድ» አሉት። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እሱም ሌላ ቃል አልጠየቀም፤ ቁልፉን ተቀብሎ መሪውን ያዘ።

ሲሄዱ እኔ ተናደድኩ። «ያንን ምስኪን ፍየሌ ያልከው አንተ አይደለህም? ባለ ሚኒባስ ሲመጣ አፍንጫህ ተዘጋ?» አልኩት።

መሐረቡን ዘርግቶ እያየው ነበር። አረንጓዴና ቡኒ ሆኗል።

«ፍየሌ የገዛ መኪናውን ነው የሚነዳው፤ ቢስቁበት ማን ያባርረዋል?» አለኝ። «እትዬ አስካለን ግን እዚህ ሰው ፊት ባሳፍራት ነገ ቁልፉን ለማን ትሰጣለች? ስታፍር ላላያት ሌላ ሹፌር ነው የምትሰጠው። ሰው ያፈረበትን ቀን ያየበትን ሰው አይወድም፣ ኢሻ። ለእሷ ብዬ የዋሸሁ መሰለህ?»

በማግስቱ ሌላ ነጭ መሐረብ አድርጎ መጣ፤ የተበላሸችው የት እንደደረሰች አልጠየቅኩትም። በዚያው ቀን ወይዘሮ አስካለ ከጎረቤት የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ሰፊ ሳፋ ሲገዙ አየሁ። ለልብስ ማጠቢያ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን ሳፋው መኪናው ውስጥ ከእግራቸው ሥር ነበር፤ ቆጮው ሳፋው ላይ ነው። ማቴዎስ መክሯቸው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ከዓመታት በኋላ ዓይኑ ሲደክም ጋሽ አንጁሎ ክፍሏን ለቆ ኦፋ ገባ። ሲሰናበተኝ «እንግዲህ ገበያህ ይድራ፣ እንደልብህ ቅበር» አለኝ። እውነትም ገበያዬ ደራ። ግን አዲስ ቴፕ ከመደርደሪያ ባወረድኩ ቁጥር ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ሳላስበው ደንበኛውን «ጥቁሩን አሳይተሃል ወይ?» እለዋለሁ፤ ስንቱን ገበያ በገዛ አፌ እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ማቴዎስ ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር ያው ሳፋ ነው፤ ጠርዙ ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቷል። ወደ ለቅሶ እየሄድን ስለሆነ ቴፑ ተዘግቷል። ከሶዶ ወጥተን ብዙ ራቅን።

«ክፈተው ማቴዎስ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እሱ ዝም ያለ ቴፕ አይወድም ነበር።»

መዝሙሩ ተከፈተ። በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ፣ ነዳጅ እየተረገጠ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጥቂት ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሶዶ ዝናብ አለኝ እኮ» አሉ። «ጥር ነበር። ጥር ላይ ምን ዝናብ አለ?»

ማቴዎስ በመስታወቱ አያቸው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ጠጋ ስል መሐረቡ ሸተተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሸጥኩት ቆጮ አፍንጫዬን ይሳተዋል? በነጋታው ሄጄ ሳፋ ገዛሁ። እናንተም አይታችሁ ነበር፤ ዝም አላችሁ።»

ሦስታችንም በአንድ ከተማ፣ ሁለቱ ደግሞ በአንድ መኪና፣ ያንኑ ነገር አንዳችን ከሌላችን እየደበቅን ኖረናል።

«ማቴዎስ» አሉ። «ያን ቀን ቁልፉን ስመልስልህ አብሮ መመለስ የነበረበት ቃል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ይኸው ሰውየው ሞተ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ማቴዎስ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ወርዶ የጎኑን በር ከፈተና ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ከመሀል ይዘው አገላብጠው ሳሙት። ሲቀና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ጋሽ አንጁሎ ቢኖር ይሰድበን ነበር» አለ። «ይሄን ያህል ዘመን ቡሎኑን ሳትፈቱ!»

ለቅሶ ቤት ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ከፎቶው አጠገብ ኮቱ ተሰቅሏል፤ በደረት ኪሱ መሐረብ አለ። መጀመሪያ ነጭ መሰለኝ። ጠጋ ስንል ግን ታጥቦ ታጥቦ ያልለቀቀ አረንጓዴና ቡኒ አለበት። ወይዘሮ አስካለ ቆመው ቀሩ። የጋሽ አንጁሎ ሴት ልጅ የመሐረቡን እድፍ የታዘብን መስሏት «ስንት ንጹሕ መሐረብ እያለው ከዚህች አይለይም ነበር» አለችን። «እናቴ ልትጥላት ስትል ‹ይቺ ለወግ ናት› ብሎ ከለከላት።»

ወይዘሮ አስካለ የመሐረቡን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባቸው ወረደ።